ምክንያቱ እየተለዋወጠ ፍርዱ ያልተለወጠለት ሕዝብ

«አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ» የሚለውን የአህያዋን ቃል የማያውቅ የለም። ተረቱ የሚያስተምረን፣ በልተኛው ለመብላት የሚቈርጠው አስቀድሞ እንደ ሆነ፣ ምክንያቱን የሚፈልገው ግን ከቈረጠ በኋላ እንደ ሆነ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የሮማ ሕዝብ ታሪክም ይኸው ተረት በአውሮፓ ሕግና መዝገብ ላይ ስድስት መቶ ዓመት ሙሉ ሲደጋገም የሚታይበት ነው።

ስለ አንድ የተናቀ ሕዝብ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ «እነዚህ ሰዎች ምን አድርገው ነው የተጠሉት?» የሚል ነው። ጥያቄው ለመልካም የታሰበ ቢመስልም ጥፋቱ በተጠላው ሰው ዘንድ እንዳለ አስቀድሞ ይወስናል። እኛ ግን ጥያቄውን ገልብጠን፣ «የጠሏቸው ሰዎች በየዘመኑ ምን ምክንያት ሰጡ? ምክንያቱ ሐሰት ሆኖ በተገኘ ጊዜስ ፍርዱን አንሥተዋልን?» ብለን እንጠይቃለን።

ነገሩ የሩቅ አገር ነገር ነው ብሎ ለሚያልፍ አንባቢ ሁለት ነገር ማስታወስ ይገባል። አንደኛ፣ ሮማዎችን ወደ እስር ሰፈር የላከው የኢጣልያ ፋሺስት መንግሥት የዘር ሕጉን አስቀድሞ ያወጣው በእኛው ወገኖች ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ይህ ግፍ የተፈጸመው በማይሞች እጅ ብቻ አይደለም፤ በዩኒቨርሲቲ ተምረው የዶክትሬት ማዕረግ በተቀበሉ ሰዎች እጅም ጭምር ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ከማንም ይልቅ ተማሪን ይመለከታል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩ ሮማዎች እነማን ናቸው?

በዛሬው ጊዜ በአውሮፓ ውስጥ የሚኖሩት ሮማዎች ከ10 እስከ 12 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ይገመታል። በሩማንያ፣ በቡልጋሪያ፣ በሀንጋሪ፣ በስሎቫኪያ፣ በሰርቢያና በእስፔን በብዛት ይገኛሉ። ስማቸው ከኢጣልያ ዋና ከተማ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ «ሮም» ማለት በቋንቋቸው ወንድ፣ ባል ማለት ነው። ሁሉም አንድ ዐይነት አይደሉም። በጀርመን አገር ከጥንት የኖሩት ሲንቲ፣ በእስፔን ያሉት ካሌ ይባላሉ። ከእነርሱ መካከል ኦርቶዶክስም፣ ካቶሊክም፣ ፕሮቴስታንትም፣ እስላምም አለ። ሕይወታቸውን በሠረገላ ሲንከራተቱ የሚኖሩ ናቸው የሚባለውም ወሬ ስሕተት ነው፤ አብዛኞቹ ከብዙ ትውልድ ጀምሮ በመንደርና በከተማ ቤት ሠርተው የሚኖሩ ናቸው።

በእኛ አገር «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት» ይባላል። የእነርሱ ስም ግን የወጣው ከጎረቤት ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ምዕራብ አውሮፓ በደረሱ ጊዜ ሕዝቡ ከግብፅ የመጡ መሰሉት። እንግሊዞች «ጂፕሲ»፣ እስፔኖች «ሂታኖ» ያሏቸው «ግብፃዊ» ከሚለው ቃል አሳጥረው ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ሮማዎች ይህን ስም እንደ ስድብ ይቈጥሩታል።

እውነተኛው አገራቸው የታወቀው በቋንቋቸው አማካይነት ነው። በ1782 ሩዲገር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ የሮማኒ ቋንቋን ከህንድ ቋንቋዎች ጋር አስተያይቶ ዝምድናቸውን አሳየ። ሮማዎች ሲቈጥሩ «ኤክ፣ ዱይ፣ ትሪን፣ ሽታር፣ ፓንች» ይላሉ፤ ሂንዲ ተናጋሪውም «ኤክ፣ ዶ፣ ቲን፣ ቻር፣ ፓንች» ይላል። ሰባት፣ ስምንትና ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ ግን ሮማዎች «ኤፍታ፣ ኦኽቶ፣ ኤንያ» ይላሉ፤ ይህ ግሪክኛ ነው። ከዚህም ሌላ ከፋርስና ከአርመን ቋንቋ የተወሰዱ ቃሎች አሏቸው። ስለዚህ ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከሰሜን ህንድ ተነሥተው በፋርስ፣ በአርመንና በግሪኮች አገር በኩል ወደ አውሮፓ እንደ ገቡ ንግግራቸው ራሱ ይመሰክራል። አንባቢ ይህን የህንድ ዝምድና በልቡ ይያዘው፤ ወደ ታች እንመለስበታለን።

፪ የመጀመሪያዎቹ ምክንያቶች

ዛሬ ሩማንያ በምትባለው አገር፣ ቀድሞ ዋላኪያና ሞልዳቪያ በተባሉት ግዛቶች፣ ሮማዎች ባሮች ነበሩ። በ1385 የዋላኪያው መስፍን ዳን አርባ የሮማ ቤተ ሰቦች የቲስማና ገዳም ንብረት መሆናቸውን በጽሑፍ አጸደቀ። ከዚያ ወዲህ ሮማዎች የገዥው፣ የገዳማትና ቦያር የሚባሉት መኳንንት ንብረት ሆነው ይሸጡ፣ ይለወጡ፣ ለሙሽራ ጥሎሽ ይሰጡ ነበር። ብረት ቀጥቃጮች፣ አንጥረኞች፣ ሙዚቀኞች በመሆናቸው ሥራቸው ይፈለግ ነበርና ከጌታቸው ርስት እንዳይወጡ ተከለከሉ። ባርነቱ የቀረው በሞልዳቪያ በ1855፣ በዋላኪያ በ1856 ነው። በዚያን ጊዜ መንግሥት ካሣ የከፈለው ለባሪያ ጌቶች ነው፤ ነጻ የወጣው ሰው ግን ለዘመናት ጕልበቱ ካሣ አላገኘም።

በምዕራብ አውሮፓ ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነበር። በ1498 በፍራይቡርግ የተሰበሰበው የጀርመን መንግሥት ጉባኤ ሮማዎችን የቱርክ ሰላዮች ናቸው ብሎ ከሕግ ጥበቃ ውጭ አደረጋቸው። እንግሊዝ በ1530 ባወጣችው ሕግ በ16 ቀን ውስጥ ከአገር እንዲወጡ አዘዘች፤ በ1554 ደግሞ በአገር ውስጥ ቈይቶ የተገኘው በሞት እንዲቀጣ ወሰነች። ከአንዱ ከተማ ሲባረሩ ወደ ሌላው ይሄዳሉ፤ ከሌላውም ይባረራሉ። በመጨረሻም «እነዚህ ሰዎች በተፈጥሮአቸው በአንድ ቦታ መቀመጥ አይችሉም» ተባለ። በምሥራቅ እንዳይንቀሳቀስ የታሰረ ሕዝብ በምዕራብ እንዳይቀመጥ ተባረረ፤ ሁለቱም በተፈጥሮው ተመካኘ።

ምክንያቱ መንከራተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ተቀምጦ የሠራው ሰው በዳነ ነበር። በእስፔን የሆነው ግን ሌላ ነው። በጁላይ ወር 1749 ንጉሥ ፈርናንዶ 6ኛ በሚኒስትሩ በማርኬስ ኤንሴናዳ ምክር በመላው አገር የሚገኙ ሮማዎች በአንድ ጊዜ እንዲያዙ አዘዘ። በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ተያዙ፤ ወንዶቹ ከሴቶቹ ተለይተው በመርከብ መሥሪያ ቦታዎች በግዳጅ እንዲሠሩ ተደረገ። ለመያዝ የቀለሉትም ቤት ሠርተው፣ በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው፣ ስማቸው በመዝገብ ተጽፎ ይኖሩ የነበሩት ናቸው። መንግሥት ባዘዛቸው መሠረት መቀመጣቸው ራሱ ወጥመድ ሆነባቸው። አንዳንዶቹ እስከ 1765 ድረስ አልተለቀቁም።

በኦስትሪያና በሀንጋሪ ደግሞ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ሌላ መንገድ ያዘች። እርስዋ ሮማዎችን ማባረር ሳይሆን ሮማነታቸውን ማጥፋት ፈለገች። በ1761 ስማቸው ተለውጦ «አዲስ ገበሬዎች» እንዲባሉ አዘዘች። በ1773 እርስ በርሳቸው እንዳይጋቡ ተከለከሉ፤ ልጆቻቸውም ከእናት ከአባት እየተነጠቁ በሌላ ገበሬ ቤት እንዲያድጉ ታዘዘ። ይህ በዘመኑ እንደ ሥልጣኔና እንደ ርኅራኄ ተቈጠረ። ነገር ግን «እኛን ለመምሰል ልጅህን አምጣ» የሚል ርኅራኄ ምን ዐይነት ርኅራኄ እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረደው።

፫ የፖሊስ መዝገብና የሕዝብ ትርጕም

በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ አዲስ አሳብ ተስፋፋ። መንግሥት የንጉሥ ሳይሆን የሕዝብ ነው ተባለ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር፤ ነገር ግን ወዲያው «ሕዝብ ማለት ማነው?» የሚል ጥያቄ አስነሣ። አንዳንዱ ቋንቋን፣ አንዳንዱ የአባቶችን መሬት፣ አንዳንዱ ደምን መለኪያ አደረገ። ሮማዎች በሦስቱም ሚዛን ቀልለው ተገኙ፤ ቋንቋቸው የሌላ ነው፣ የአባት መሬት የላቸውም፣ ደማቸውም የእንግዳ ነው ተባለ። በንጉሥ ዘመን የተናቁ ተገዥዎች የነበሩት በሕዝብ ዘመን ባዕዳን ሆኑ።

ባዕድን ደግሞ የሚመለከተው ፖሊስ ነው። በ1899 በሙኒክ ከተማ ሮማዎችን ብቻ የሚከታተል የፖሊስ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። የጽሕፈት ቤቱ ሹም ዲልማን በ1905 ከሦስት ሺህ በላይ ሰዎች የተመዘገቡበት መጽሐፍ አሳተመ። በዚህ መዝገብ ለመግባት ወንጀል መሥራት አያስፈልግም ነበር፤ ሮማ መሆን ይበቃል። በ1926 የባቫሪያ ግዛት ሮማዎችን ከቦዘኔዎችና ከሥራ ፈቶች ጋር በአንድ የሚመድብ ሕግ አወጣች። ይህ ሁሉ የሆነው ሂትለር ሥልጣን ሳይዝ፣ ጀርመን በምክር ቤት በምትተዳደርበት ዘመን ጭምር መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ፈረንሳይ ግን የዘር ስም በሕጓ እንዲጻፍ አልፈቀደችም። በ1912 ያወጣችው ሕግ የሚናገረው «ዘላኖች» ስለሚላቸው ሰዎች ብቻ ነው። እነዚህ ሰዎች ፎቶግራፋቸውና የጣታቸው አሻራ ያለበት፣ የአካላቸው ልክ የተጻፈበት ደብተር ይዘው እንዲዞሩ፣ በየደረሱበትም ለሹም እንዲያሳዩ ተገደዱ። ማንም ፈረንሳዊ ሕጉ ማንን እንደሚል ያውቅ ነበር። ደብተሩ በ1969 በሌላ የመንቀሳቀሻ ወረቀት ተተካ፤ ወረቀቱ ጨርሶ የተሻረው በ2017 ነው።

፬ ሊቃውንቱ የሠሩት ሥራ

በ1936 ሮበርት ሪተር የተባለ ሐኪም በበርሊን የዘር ጥናት ክፍል እንዲመራ ተሾመ። እርሱና ረዳቶቹ በየመንደሩና በየእስር ቤቱ እየዞሩ የሮማዎችን ራስ ለኩ፣ የዐይናቸውን ቀለም መዘገቡ፣ የትውልድ ሐረጋቸውን እስከ ቅድመ አያት ቈጠሩ። ከሃያ ሺህ በሚበልጡ ሰዎች ላይም የማን ደም ምን ያህል እንደ ሆነ የሚወስን የምስክር ወረቀት ጻፉ።

እዚህ ላይ ስለ ህንድ የተናገርነውን እናስታውስ። ናዚዎች ከሁሉ የበላይ ነው የሚሉት ዘር «አርያን» ነው። «አርያን» የሚለው ቃል ግን የተወሰደው ከህንድና ከፋርስ የቋንቋ ጥናት ነው፤ የሮማኒ ቋንቋም በዚያው ወገን ውስጥ ይገኛል። በራሳቸው በናዚዎች ትምህርት ብንሄድ ሮማዎች የሩቅ ዘመድ ሊባሉ በተገባ ነበር። ታዲያ ሊቃውንቱ ምን አደረጉ? ትምህርቱን አልጣሉም፤ ፍርዱንም አላነሡም። ሪተር «ከእነርሱ ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት ደማቸው የተቀላቀለ ስለ ሆነ ከሁሉ የከፉ ናቸው» የሚል አዲስ ምክንያት አመጣ። የዘር ትምህርት ሳይንስ ቢሆን ኖሮ ማስረጃው ሲቃወመው በተለወጠ ነበር። ያልተለወጠው መደምደሚያው አስቀድሞ ስለ ተወሰነ ነው።

በዲሴምበር 8 ቀን 1938 ሂምለር «የሮማዎች ጉዳይ» በዘራቸው ተፈጥሮ መሠረት መፍትሔ እንዲያገኝ የሚያዝ ድንጋጌ አወጣ። በዲሴምበር 16 ቀን 1942 ደግሞ ወደ አውሽቪትዝ እንዲላኩ አዘዘ። ወደዚያ ከተላኩት 23,000 ያህል ሰዎች አብዛኞቹ በረኃብ፣ በበሽታና በመርዝ ጋዝ አለቁ። በኦገስት 2 ቀን 1944 ሌሊት በሰፈሩ የቀሩት 4,300 የሚያህሉ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች፣ በመርዝ ጋዝ ተገደሉ። በመላው አውሮፓ በዚያ ጦርነት የተገደሉት ሮማዎች ከ200,000 እስከ 500,000 እንደሚደርሱ ይገመታል።

ከሪተር ረዳቶች አንዷ ኤቫ ዩስቲን ነበረች። ሮማኒ ቋንቋ ታውቅ ስለ ነበር ሰዎቹ ያምኗት ነበር። የዶክትሬት ጽሑፏን የጻፈችው ከወላጆቻቸው ተነጥለው ሙልፊንገን በተባለ ቦታ በሕፃናት ማሳደጊያ በተቀመጡ የሲንቲ ልጆች ላይ ነው። የበርሊን ዩኒቨርሲቲ በ1943 ማዕረጉን ሰጣት። በሜይ ወር 1944 ከልጆቹ 39ኙ ወደ አውሽቪትዝ ተላኩ፤ ከጦርነቱ የተረፉት አራት ናቸው። ሪተርና ዩስቲን ከጦርነቱ በኋላ በፍራንክፉርት ከተማ የጤና መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ፤ የተጀመረባቸውም ምርመራ ያለ ፍርድ ተዘጋ።

ከዚህ አጠገብ ሌላ የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እናስቀምጥ። ሚሃይል ኮጋልኒቻኑ የሞልዳቪያ መኳንንት ልጅ ነበር። በበርሊን ሲማር በ1837፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላው፣ ስለ ሮማዎች ታሪክና ቋንቋ አንድ መጽሐፍ በፈረንሳይኛ አሳተመ። መጽሐፉ ከዘመኑ አሳብ ጨርሶ ነጻ ባይሆንም፣ በአሜሪካ ስላለው ባርነት ማኅበር እያቋቋሙ በራሳቸው ክፍለ ዓለም ስላሉት ባሮች ዝም የሚሉትን አውሮፓውያን ወቀሰ። ከዓመታት በኋላም በሞልዳቪያ ባርነት እንዲቀር ከሠሩት ሰዎች አንዱ ሆነ። ሁለቱም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ስለ አንድ ሕዝብ ያጠኑ ናቸው። የአንደኛው ትምህርት በር ከፈተ፤ የሁለተኛዋ ትምህርት በር ዘጋ። ልዩነቱ የዕውቀት ብዛት አይደለም፤ የሚያጠኑትን ሰው እንደ ሰው ወይም እንደ ዕቃ መመልከታቸው ነው።

የእኛም አገር በዚህ ታሪክ ውስጥ የምትገባበት ቦታ አለ። የኢጣልያ ፋሺስት መንግሥት ኢትዮጵያን በወረራ በያዘበት ጊዜ፣ በአፕሪል 19 ቀን 1937፣ አንድ ኢጣልያዊ ከምሥራቅ አፍሪካ ተገዥ ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር የሚል ሕግ አወጣ። በ1938 የዘር ሕጉ በአይሁድ ላይ ተዘረጋ። በሴፕቴምበር ወር 1940 ደግሞ የፖሊስ አዛዡ ኢጣልያውያን ሮማዎች ሁሉ ተይዘው እንዲታሰሩ አዘዘ፤ አኞኔና ቶሲቻ በተባሉ ቦታዎች የእስር ሰፈር ተቋቋመላቸው። ለአንዱ የተቀደደው ጉድጓድ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዋጠ። ስለዚህ በዘር ሕግ የተበደለ ሕዝብ የሌላውን በደል ለብቻው የተለየ ታሪክ አድርጎ ሊመለከተው አይገባም።

፭ ከጦርነቱ ወዲህ

ናዚዎች ሲሸነፉ ፍርዱ አብሮ የተሸነፈ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በ1956 የምዕራብ ጀርመን ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ እስከ 1943 መጀመሪያ ድረስ በሮማዎች ላይ የተፈጸመው ነገር በዘር ምክንያት ሳይሆን ወንጀልን ለመከላከል የተደረገ ነው ብሎ ወሰነ። የሂምለር ድንጋጌ ዘርን በስሙ ጠርቶ ሳለ ዳኞቹ ይህን ማለታቸው ያስደንቃል። በዚህ ፍርድ የተነሣ ብዙ ተጐጂዎች ካሣ ተከለከሉ። ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን በከፊል ያሻሻለው በ1963 ነው። ባቫሪያም በ1953 «በየአገሩ የሚዞሩ ሰዎች» የሚል አዲስ ስም ያለበት ሕግ አወጣች፤ ስሙ ቢለወጥም የሚጠበቁት እነዚያው ሰዎች ነበሩ። ሕጉ እስከ 1970 ጸና። በ1980 ጥቂት ሲንቲዎች በቀድሞው የዳካው ማጎሪያ ሰፈር ምግብ አንበላም ብለው አቤቱታቸውን አሰሙ። በ1982 የጀርመን ጠቅላይ ሚኒስትር ሄልሙት ሽሚት ድርጊቱ በዘር ምክንያት የተፈጸመ ዕልቂት መሆኑን በይፋ ተናገረ። ከአውሽቪትዝ እስከዚህ ቃል ድረስ 38 ዓመት አለፈ።

የሰው ልጅ እኩልነት ይሰበክበት በነበረው በሶሻሊስት ቼኮስሎቫኪያ ደግሞ በ1958 የወጣው ሕግ በዘላንነት የሚኖሩት በግድ እንዲሰፍሩ አደረገ። ከዚያ በኋላም ብዙ የሮማ ሴቶች ሳይገባቸው ወይም በገንዘብና በማስፈራራት ተገፍተው ልጅ እንዳይወልዱ የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና ተፈጸመባቸው። የቼክ ሪፑብሊክ ለእነዚህ ሴቶች ለእያንዳንዳቸው 300,000 ኮሩና ካሣ እንዲከፈል የሚያዝ ሕግ ያወጣችው በ2021 ነው።

ትምህርትን በሚመለከት የኦስትራቫ ከተማ ጉዳይ ለተማሪ ሁሉ ሊታወቅ ይገባል። በ1990ዎቹ ዓመታት በዚያች ከተማ ከሮማ ልጆች ግማሽ የሚያህሉት ለአእምሮ ደካሞች ወደ ተቋቋሙ የተለዩ ትምህርት ቤቶች ይላኩ ነበር፤ ሮማ ካልሆኑት ልጆች ግን ወደዚያ የሚላኩት ከመቶ ሁለት አይሞሉም ነበር። የሮማ ልጅ ወደዚያ የመላክ ዕድሉ ከሌላው ልጅ 27 ጊዜ ይበልጥ ነበር ማለት ነው። ሕጉ የዘር ስም አይጠራም፤ ልጁ ፈተና ወደቀ ይላል እንጂ። ፈተናው ግን የተዘጋጀው በብዙኃኑ ቋንቋና ልማድ ነበር። አሥራ ስምንት ልጆች ከሰሱ፤ በአገራቸው ፍርድ ቤት ተረቱ። በኖቬምበር 13 ቀን 2007 የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ13 ድምፅ በ4 ላይ አድልዎ ተፈጽሟል ብሎ ፈረደላቸው። ፍርድ ቤቱ ያረጋገጠው መርሕ ትልቅ ነው፤ ሕጉ የዘር ስም ባይጠራም፣ ክፉ አሳብም ባይገለጥ፣ ውጤቱ ሁልጊዜ በአንድ ሕዝብ ላይ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ አድልዎ ነው።

የቦስኒያ ነገር ደግሞ ከዚህ በተቃራኒው ነው። ጦርነቱን ለማቆም በ1995 የተጻፈው ሕገ መንግሥት አገሪቱን የመሠረቱ ሕዝቦች ብሎ ቦስኒያኮችን፣ ክሮአቶችንና ሰርቦችን በስም ይጠራል፤ የቀሩትን «ሌሎች» ይላቸዋል። ለአገሪቱ የፕሬዚዳንት ሸንጎ መመረጥ የሚችለው ከሦስቱ የአንዱ ወገን የሆነ ሰው ብቻ ነው። ሮማ የሆነው ዴርቮ ሴይዲችና አይሁዳዊው ያኮብ ፊንሲ በአገራቸው ለመመረጥ ባለመቻላቸው ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 22 ቀን 2009 ፈረደላቸው። ከፍርዱ በኋላ ግን ሕገ መንግሥቱ ሳይሻሻል ብዙ ዓመታት አለፉ።

፮ ከዚህ ምን እንማራለን?

እስከ አሁን የተዘረዘሩትን ምክንያቶች በአንድነት እንያቸው። ሰላዮች ናቸው፤ ይንከራተታሉ፤ ሥራ አይወዱም፤ ደማቸው ተቀላቅሏል፤ ወንጀል በተፈጥሮአቸው አለ፤ አእምሮአቸው ደካማ ነው፤ አገር ከመሠረቱት ሕዝቦች አይደሉም። እነዚህ ምክንያቶች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። የሚስማሙት በፍርዱ ብቻ ነው።

«ነገር ግን ከመካከላቸው የሚሰርቅና የሚለምን የለምን?» የሚል ይኖራል። አለ፤ የሌለበት ሕዝብ የት ይገኛል? ልዩነቱ በሒሳቡ ላይ ነው። ሌላው ሰው ሲሰርቅ የሚጠራው የሌባው ስም ነው፤ ሮማ ሲሰርቅ ግን የሚጠራው የሕዝቡ ስም ነው። ሁለተኛም ነገር አለ። ያለ ካሣ ከባርነት የወጣ፣ ከከተማ የተባረረ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት የተለየበት ሕዝብ ድኻ ቢሆን አያስገርምም። በሩን ዘግቶ «ለምን ውጭ ቆምህ?» ማለት ግን ፍርድ አይደለም።

ሮማዎች ራሳቸው ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ አለ። በአፕሪል 8 ቀን 1971 በለንደን አጠገብ በተደረገው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤያቸው ባዕዳን ያወጡላቸውን ስም ትተው «ሮማ» መባልን መረጡ፤ ሰማያዊና አረንጓዴ ሆኖ ቀይ መንኰራኵር ያለበት ሰንደቅ ዓላማም አጸደቁ። በ2000 በፕራግ በተደረገው ጉባኤ ደግሞ መሬትና መንግሥት የማይጠይቅ ሕዝብ መሆናቸውን አስታወቁ። ይህ ቃል በጥሞና ሊታሰብ ይገባዋል። ሕዝብ ለመሆን የግድ ድንበር መከለል፣ ሌላውን ከድንበሩ ማስወጣት አያስፈልግም ማለት ነውና። የሚጠይቁት በሚኖሩበት አገር ሙሉ ዜጋ መሆን፣ በቤታቸውም ሮማ መሆን ነው።

የፈረንሳይንና የቦስኒያን ሕግ ስናነጻጽር አንድ ትምህርት እናገኛለን። አንዱ ሕግ የዘር ስም ባለመጥራቱ ብቻ ጻድቅ አይሆንም፤ አድልዎው በሌላ ቃል ውስጥ ይደበቃልና። ሌላውም ሕዝቦችን በስም ጠርቶ በማክበሩ ብቻ ጻድቅ አይሆንም፤ ስሙ ያልተጠራው ውጭ ይቀራልና። ስለዚህ የማንኛውንም አገር ሕግ ለመመዘን የሚጠቅመው ጥያቄ «ሕጉ በተግባር በሩን የሚዘጋው በማን ላይ ነው? የተዘጋበት ሰውስ ለማን አቤት ይላል?» የሚል ነው። ይህን ሚዛን ወደ ውጭ አገር ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ሚዛኑን ገና አላወቀውም።

ለተማሪ ደግሞ የተለየ ግዴታ አለበት። የሙኒኩን መዝገብ የጻፈው ጸሓፊ፣ ራስ የለካው ሐኪም፣ ፈተናውን ያዘጋጀው መምህር፣ በ1956 የፈረደው ዳኛ፣ ሁሉም የተማሩ ነበሩ። ጅብ ምክንያት ሲያጥረው የሚጽፍለት ሊቅ ይፈልጋል። እኛ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ብዕር የምንይዝ ስለ ሆንን፣ እንዲህ ያለው ወረቀት ለፊርማ በቀረበልን ጊዜ ምን እንደምናደርግ ከአሁኑ ማሰብ ይገባናል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

1. አንድን ሕዝብ ሕዝብ የሚያሰኘው ምንድን ነው? ቋንቋ፣ መሬት፣ ደም ወይስ በአንድ ሕግ ሥር አብሮ መኖር? ለእያንዳንዱ መልስ ከዚህ ጽሑፍ የሚቃወመውን ምሳሌ ፈልጉ።

2. ማሪያ ቴሬዛ ያደረገችው ነገር ከማባረር የተሻለ ነውን? ስለምን?

3. የኦስትራቫ ትምህርት ቤት መምህራን ክፉ ሰዎች ነበሩ ማለት ግድ ነውን? ክፉ አሳብ ሳይኖር አድልዎ እንዴት ሊፈጸም ይችላል?

4. ኮጋልኒቻኑና ዩስቲን የተማሩት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ትምህርት ሰውን ከእንዲህ ያለ ጥፋት የሚጠብቀው ምን ሲጨመርበት ነው?